በክንድ ነርቭ ጉዳት የአዩርቬዳ ሕክምናን ጊዜ ሳያባክኑ ለመጠቀም የሚረዳ ዝርዝር መመሪያ

የክንድ ነርቩ የተጎዳበት ሰው የትኛውንም ሕክምና ከመምረጡ በፊት ሁለት ቁጥሮችን ማወቅ ይኖርበታል። የተጎዳ ነርቭ ውጫዊ ሽፋኑ ካልተበጠሰ ከጉዳቱ ቦታ ጀምሮ እንደገና ያድጋል፤ የሚያድገው ግን በቀን 1 ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ነው። በሌላ በኩል፣ ነርቭ የተቋረጠበት ጡንቻ ከ12 እስከ 18 ወር ድረስ ሳይደረስለት ከቀረ፣ ነርቩ በኋላ ቢመጣለት እንኳ የመሥራት አቅሙን መልሶ የሚያገኝበት ዕድል እጅግ ይመነምናል። በሕንድ፣ በተለይም በደቡብ ምዕራቧ የኬረላ ግዛት፣ የሚሰጠው አዩርቬዳ የተባለው ጥንታዊ የባህል ሕክምና ለእንዲህ ዓይነቱ ታማሚ የሚጠቅምበት ቦታ አለው። የዚህ መመሪያ ዓላማ ያ ቦታ የት እንደሆነ ማሳየትና ታማሚው ዘይትና ቅጠል ሲጠባበቅ የቀዶ ሕክምናው ጊዜ እንዳያልፍበት ማድረግ ነው።

ሳይዘገዩ ወደ ሆስፒታል የሚያስኬዱ ምልክቶች

ክንድ በቢላ፣ በመስታወት ወይም በማሽን ተቆርጦ ጣቶች ከደነዘዙ ወይም አልታዘዝ ካሉ፣ ነርቩ ራሱ ተቆርጦ ሊሆን ይችላል። የተቆረጠ ነርቭ በማሸት፣ በመድኃኒትም ሆነ በጸሎት ጫፍና ጫፉ አይገናኝም፤ ቁስሉን ከፍቶ የሚያይና ነርቩን የሚሰፋ የቀዶ ሐኪም በጥቂት ቀናት ውስጥ ማግኘት ያስፈልጋል። በእንዲህ ያለ ጉዳት ላይ አዩርቬዳ ሊታሰብ የሚችለው ስፌቱ ከዳነ በኋላ ብቻ ነው።

ሁለተኛው አስቸኳይ ሁኔታ በአገራችን በተደጋጋሚ የሚታይ ነው። የተሰበረ ክንድ በጀሶ ወይም በወጌሻ እጅ አጥብቆ ከታሰረ በኋላ ሕመሙ እየቀነሰ በመሄድ ፈንታ ከጨመረ፣ ጣቶች ካበጡ፣ ከቀዘቀዙ ወይም ከገረጡ፣ ሌላ ሰው ጣቶቹን ሲዘረጋቸው ሕመሙ የማይቻል ከሆነ፣ በክንዱ ውስጥ ያለው ግፊት የደም ዝውውሩን እያቋረጠ ነው። ማሰሪያው ወዲያውኑ መፈታት አለበት፤ ታማሚውም በዚያው ሰዓት ሆስፒታል መድረስ ይኖርበታል። ለዚህ ሁኔታ የሚሰጠው ጊዜ በሰዓታት የሚቆጠር ነው፤ ካለፈ ነርቩም ጡንቻውም አብረው ይሞታሉ፣ አንዳንዴም እጁ ራሱ ይቆረጣል።

ጉዳት ሳይደርስ ቀስ በቀስ የመጣ መደንዘዝ ደግሞ ሌላ ምርመራ ይጠይቃል። የስኳር በሽታ አንዱ ምክንያት ሲሆን፣ የሥጋ ደዌም በክርን ጀርባ የሚያልፈውን ነርቭ በማወፈር ትንሿንና የቀለበት ጣትን ያደነዝዛል፣ ያጣምማልም። የሥጋ ደዌ በመድኃኒት የሚድን በሽታ ነው፤ በአዲስ አበባ የአለርት ሆስፒታል ከ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሲሠራበት የቆየ ሙያ በመሆኑ፣ ቆዳ ላይ የማይሰማ ደብዛዛ ምልክት ያለበት ሰው ወደ ዘይት ሕክምና ከመሄዱ በፊት በዚያ ወይም በሌላ የቆዳ ሐኪም ዘንድ ቢታይ ይጠቀማል።

የትኛው ነርቭ እንደተጎዳ መለየት

ሐኪም ከማየትዎ በፊት የሚከተለውን በራስዎ መፈተሽና በማስታወሻ ላይ ከነቀኑ መመዝገብ ይችላሉ። መዳፍዎን ወደ መሬት አድርገው ክንድዎን ሲዘረጉ የእጅ አንጓዎ ወደ ታች ከተንጠለጠለና ወደ ላይ አልነሳም ካለ፣ በአውራ ጣትና በጠቋሚ ጣት መካከል ያለው የእጅ ጀርባም ከደነዘዘ፣ የተጎዳው ራዲያል የሚባለው ነርቭ ነው። አውራ ጣት ተሻግሮ የትንሿን ጣት ጫፍ መንካት ካቃተውና አውራ፣ ጠቋሚና መሀል ጣት ከደነዘዙ ሚዲያን የሚባለው ነርቭ ይጠረጠራል። ጣቶችን ማራራቅና ማቀራረብ ካልተቻለ፣ ትንሿ ጣትና የቀለበት ጣት ግማሽ ከደነዘዙ ደግሞ አልናር የተባለው ነው። ትከሻን፣ ክርንንና እጅን ባንድነት ያሰነፈ ጉዳት፣ ለምሳሌ በሞተር ሳይክል አደጋ የሚደርሰው፣ ነርቮቹ ከአንገት ወጥተው በሚጠላለፉበት ሥፍራ የደረሰ ሊሆን ስለሚችል ከሁሉም በላይ የልዩ ሐኪም ፈጣን ውሳኔ ይፈልጋል።

የጉዳቱን ደረጃ ማወቅ

እንግሊዛዊው የቀዶ ሐኪም ኸርበርት ሴደን እ.ኤ.አ. በ1943 ያስተዋወቀው ክፍፍል ዛሬም ያገለግላል። ነርቩን በጎማ የተሸፈነ የኤሌክትሪክ ገመድ አድርገው ቢያስቡት፣ በመጀመሪያው ደረጃ ገመዱ አልተበጠሰም፣ መልእክት ማስተላለፉ ብቻ ተቋርጧል፤ ይህ በሳምንታት ወይም ቢበዛ በ3 ወር ገደማ በራሱ ይመለሳል። በሁለተኛው ደረጃ ውስጡ ያለው ሽቦ ተበጥሷል፣ ሽፋኑ ግን ስላለ በቀን 1 ሚሊ ሜትር እያደገ መንገዱን ያገኛል። በሦስተኛው ደረጃ ሽፋኑም ሽቦውም ተበጥሷል፤ ይህ ያለ ቀዶ ሕክምና አይድንም።

ሦስቱን ደረጃዎች ለመለየት የሚረዳው ዋና ምርመራ ኢኤምጂ (የጡንቻን የኤሌክትሪክ እንቅስቃሴ የሚለካ ምርመራ) እና የነርቭ ፍጥነት ልኬት ነው። ከጉዳቱ በታች ያለው የነርቭ ክፍል እስኪደርቅ ጊዜ ስለሚወስድ ምርመራው አስተማማኝ መልስ የሚሰጠው ከጉዳቱ 3 ወይም 4 ሳምንት በኋላ ነው። በመጀመሪያው ሳምንት ተሠርቶ «ደህና ነው» የተባለ ውጤት ብዙም አያጽናናም።

እዚህ ላይ ለውሳኔ የሚጠቅም አንድ እውነት አለ። የላይኛው የክንድ አጥንት መሀሉ ላይ ሲሰበር አጥንቱን ተጠምጥሞ የሚያልፈው ራዲያል ነርቭ ከ10 ሰዎች ባንድ ያህሉ ላይ ይጎዳል፤ ከእነዚህም ውስጥ 7 ከ10 ያህሉ ያለ ምንም ቀዶ ሕክምና በራሳቸው ይድናሉ። በእነዚያ ወራት ውስጥ ዘይት የቀባ፣ ክኒን የሰጠ ወይም መርፌ የወጋ ሰው ሁሉ «እኔ አዳንኩት» ለማለት ይችላል፣ ታማሚውም በቅንነት ይመሰክርለታል። ስለዚህ የሌላ ሰው ምስክርነት ሲቀርብልዎ የዚያ ሰው ጉዳት በየትኛው ደረጃ እንደነበር ይጠይቁ፤ ይህ ካልታወቀ ምስክርነቱ ስለ እርስዎ ክንድ ምንም አይናገርም።

አዩርቬዳ ይህን ጉዳት እንዴት ያየዋል

በአዩርቬዳ አስተሳሰብ እንቅስቃሴንና ስሜትን የሚመራው ኃይል ቫታ ይባላል፤ መድረቅ፣ መቅጠን፣ መደንዘዝና መንቀጥቀጥ የቫታ መዛባት ምልክቶች ናቸው። የጥንቱ የአዩርቬዳ ሊቅ የቻራካ መጽሐፍ 80 የቫታ በሽታዎችን ይቆጥራል፤ የሌላው ጥንታዊ ሊቅ የሱሽሩታ መጽሐፍ ደግሞ ከክንድ እስከ ጣት ጫፍ ወርዶ የእጅን ሥራ የሚያሳጣ ቪሽቫቺ የሚባል በሽታ ይገልጻል። ሱሽሩታ በሰውነት ላይ ሲጎዱ ከባድ መዘዝ የሚያስከትሉ 107 ነጥቦችን ዘርዝሯል፤ ከነዚህ አንዱ፣ ካክሻድሃራ የተባለው፣ የሚገኘው በብብት አካባቢ ሲሆን፣ እዚያ የደረሰ ጉዳት ክንድን እንደሚያሽመደምድ ጽፏል። የክንድ ነርቮች መጠላለፊያ በዚያው አካባቢ መሆኑን ለሚያውቅ ይህ የጥንቃቄ ምልከታ ውጤት መሆኑ አያጠራጥርም።

ሆኖም ጥሩ ምልከታ ማለት የተረጋገጠ ሕክምና ማለት አይደለም። የአዩርቬዳ ዘይትም ሆነ መድኃኒት በሰው ላይ የተቆረጠ ነርቭን እንደሚያገጣጥም ወይም የነርቭን ዕድገት ከቀን 1 ሚሊ ሜትር በላይ እንደሚያፋጥን የሚያሳይ ጠንካራ ጥናት የለም። ሊጠበቅ የሚችለው ጥቅም ሌላ ነው፦ መገጣጠሚያ እንዳይደርቅ፣ ቆዳ እንዳይሰነጠቅ፣ ሕመም እንዲቀልና ረጅሙን የጥበቃ ጊዜ ታማሚው ክንዱን ሳይረሳ እንዲያልፈው ማገዝ። ይህን ትንሽ ነገር የሚል ካለ፣ ነርቩ ተመልሶ የደረቀ ጣት ያገኘበትን እጅ አላየም ማለት ነው።

ሐኪሙንና ተቋሙን መምረጥ

በሕንድ የአዩርቬዳ ሐኪም ለመሆን ቢኤኤምኤስ የተባለው ዲግሪ ያስፈልጋል፤ የአንድ ዓመት የተግባር ልምምድን ጨምሮ 5 ዓመት ተኩል ይፈጃል። በዘይትና በማጽዳት ሕክምና ላይ የሦስት ዓመት የድኅረ ምረቃ ትምህርት ያላቸውም አሉ። ከሆቴል ጋር የተያያዙ የመዝናኛ ማሻሻ ቤቶች አብዛኞቹ እንዲህ ያለ ሐኪም የላቸውም፤ ለነርቭ ጉዳት አይሆኑም። በ1902 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው የኮታካል አርያ ቫይድያ ሳላ በኬረላ፣ የመላ ሕንድ የአዩርቬዳ ኢንስቲትዩት ደግሞ በኒው ዴልሂ የሚገኙ የታወቁ ተቋማት ናቸው። የሕንድ መንግሥት ለዚህ ዓይነት ሕክምና ለሚሄዱ የውጭ ዜጎች እ.ኤ.አ. በ2023 አዩሽ የሚባል የተለየ ቪዛ አውጥቷል።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 በሕንድ ጃምናጋር ከተማ የባህል ሕክምና ማዕከል ሲያቋቁም ዶክተር ቴድሮስ አድኃኖም በሥነ ሥርዓቱ ላይ መገኘታቸው በእኛ ዘንድ ብዙ ተወርቷል። ማዕከሉ የተቋቋመው ማስረጃ ለማሰባሰብና ለመመርመር ነው፤ በስሙ የሚነግድ አስተዋዋቂ «በዓለም ጤና ድርጅት የተፈቀደ ሕክምና» ቢልዎ አይቀበሉት።

ከመሄድዎ በፊት የኢኤምጂ ውጤት፣ የአጥንት ራጅ፣ የቀዶ ሕክምና ማስታወሻ ካለም እሱን ይያዙ፤ ከሁሉም በላይ የአገርዎ ሐኪም ቀጣዩን ምርመራ የቀጠረበትን ቀን ጽፈው ይውሰዱ። ያንን ቀን የሚያሳልፍ የሕክምና ፕሮግራም ይህ ነው የሚባል ጥቅም ቢኖረው እንኳ አይቀበሉ። ተቋሙ የነርቭ ወይም የአጥንት ሐኪም የሚያማክር መሆኑንም አስቀድመው በጽሑፍ ይጠይቁ።

ሕክምናው ደረጃ በደረጃ

ሐኪሙ ምርመራ ካደረገ በኋላ አብዛኛውን ጊዜ ጥቂት ቀናትን በቀላል ምግብና የምግብ መፈጨትን በሚያግዙ ዕፅዋት ያስጀምራል። ከዚያ አብሂያንጋ የሚባለው በሞቀ ዘይት መታሸት ይቀጥላል። የዘይቶቹ መሠረት በብዛት የሰሊጥ ዘይት ሲሆን፣ ክሺራባላ፣ ዳንዋንታራም፣ ሳሃቻራዲና ማሃናራያና የሚባሉት ለቫታ በሽታዎች በብዛት የሚታዘዙ ናቸው። ማሸቱ ለስላሳና ከጣት ወደ ትከሻ የሚሄድ መሆን አለበት። አጥንቱ ባልገጠመበት፣ የተሰፋ ነርቭ ባለበት ወይም ሲነካ ወደ ጣት እንደ ኤሌክትሪክ በሚነዝር ቦታ ላይ በአውራ ጣት መጫን ፈጽሞ አይፈቀድም። ነርቩ ከተሰፋ ቢያንስ የመጀመሪያዎቹን 3 ሳምንታት፣ ከዚያም የቀዶ ሐኪሙ እስኪፈቅድ ድረስ፣ ምንም ማሸት አይኖርም።

ቀጥሎ የሚመጣው ሙቀት ነው። ክንዱ ከደረቀና ካበጠ ኤላኪዚ የሚባለው ይመረጣል፦ እንደ ጉሎና ሽፈራው ያሉ ቅጠሎች በዘይት ተጠብሰው በጨርቅ ይቋጠሩና ክንዱ በቋጠሮው ይታሻል። ጡንቻው እየሟሸሸ ለሄደ ሰው ደግሞ ኬረላ የምትታወቅበት ንጃቫራ ኪዚ ይታዘዛል። ንጃቫራ በ60 ቀን ገደማ የሚደርስ የሩዝ ዓይነት ሲሆን፣ በወተትና ባላ በሚባል ተክል ሥር መረቅ እስኪወፍር ይቀቀልና በጨርቅ ይቋጠራል፤ ቋጠሮዎቹ በዚያው በሞቀ ወተትና መረቅ ውስጥ እየተነከሩ ክንዱን ያሹታል። አንድ ጊዜ ከ45 ደቂቃ እስከ 1 ሰዓት፣ በተከታታይም ለ7፣ ለ14 ወይም ለ21 ቀን ይሰጣል። ኬረላ ውስጥ ለዚህ የሚመረጠው ካርኪዳካም የሚባለው የዝናብ ወር ነው፤ ከሐምሌ አጋማሽ እስከ ነሐሴ አጋማሽ ገደማ፣ በእኛም ክረምት መሆኑ ነው።

በዚህ ደረጃ ላይ ትልቁ አደጋ ቃጠሎ ነው፣ አጥብቄም አስጠነቅቃለሁ። የደነዘዘ ቆዳ ሙቀት አያውቅም፤ ታማሚው «ደስ ይላል» እያለ ቆዳው ሊላጥ ይችላል፣ ነርቭ የሌለው ቆዳ ላይ ያለ ቁስልም በዝግታ ነው የሚድነው። ቋጠሮው በመጀመሪያ በአሻሹ የእጅ ጀርባ፣ ቀጥሎ በታማሚው ጤነኛ ክንድ ላይ ይሞከር፤ በቴርሞሜትር ከተለካ ከ40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ እንዳይበልጥ ይጠይቁ። አሻሹ ይህን ጥያቄ እንደ ስድብ ከቆጠረው ሌላ አሻሽ ይለወጥልዎ።

ናስያ የሚባለው ዘይት በአፍንጫ ማንጠባጠብ ወደ ሳንባ ከገባ የሳንባ ምች የሚያስከትል በመሆኑ፣ ባስቲ የሚባለው በፊንጢጣ የሚሰጥ መድኃኒትም ለነፍሰ ጡርና ለአንጀት ሕመምተኛ የማይስማማ በመሆኑ፣ ሁለቱንም ያለ ሐኪም ማድረግ አይገባም። ለክንድ ነርቭ ጉዳት የግድ አስፈላጊ ናቸው ብዬም አላምንም።

የሚዋጡ መድኃኒቶች

በዚህ መመሪያ ውስጥ ከሁሉ በጥንቃቄ መነበብ ያለበት ክፍል ይህ ነው። ራሳ ሻስትራ በሚባለው የአዩርቬዳ ዘርፍ ብረታ ብረት ተቃጥሎና ተፈጭቶ በመድኃኒት ውስጥ ይገባል፤ ከነዚህም መካከል ሜርኩሪና እርሳስ ይገኙበታል። ለቫታ በሽታዎች በብዛት ከሚሰጡት ማሃዮጋራጅ ጉጉሉ በባህላዊ ቀመሩ የእርሳስ አመድ አለው፤ ብሪሃት ቫታ ቺንታማኒ ራስ ሜርኩሪ አለው። እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመ የአሜሪካ ጥናት በኢንተርኔት ከተገዙ 193 የአዩርቬዳ ምርቶች ውስጥ በአምስት አንዱ እርሳስ፣ ሜርኩሪ ወይም አርሴኒክ አግኝቷል፤ ብረት አልተጨመረባቸውም ከተባሉትም ውስጥ የተገኘባቸው ነበሩ።

እርሳስ ሰውነትን ሲመርዝ በትልልቅ ሰዎች ላይ ከሚታወቁት ምልክቶች አንዱ የእጅ አንጓ መውደቅ ነው። ማለትም፣ የወደቀ እጁን ለማንሳት ክኒኑን የሚውጥ ሰው፣ ያንኑ እጅ በሚጥለው መርዝ ነርቩን ሊያዳክም ይችላል። ስለዚህ በስማቸው «ራስ» ወይም «ብሃስማ» የሚል የሕንድ ቃል ያለባቸውን፣ የይዘታቸው ዝርዝር ያልተጻፈባቸውንና በላቦራቶሪ ስለመመርመራቸው ወረቀት የሌላቸውን አይውሰዱ። ቀድሞ የወሰደ ሰው በደሙ ውስጥ ያለውን የእርሳስ መጠን ያስለካ።

ዕፅዋቱም ቢሆኑ ከጉዳት ነፃ አይደሉም። አሽዋጋንዳ በአንዳንድ ሰዎች ጉበትን እንደጎዳ ተመዝግቧል፣ የእንቅርት ሆርሞንን ያዛባል፣ ለነፍሰ ጡርም አይሰጥም። ይህ ተክል በአገራችን ግዛዋ የምንለው ነው፤ ነገር ግን ከጓሮ ነቅሎ በራስ መጠን መቀቀል ከተመረመረው የሥሩ ዱቄት ጋር አንድ አይደለም፣ አይሞክሩት። ለነርቭ ሕመም የታዘዘልዎትን እንደ ፕሪጋባሊን ወይም አሚትሪፕቲሊን ያለ መድኃኒት በድንገት ከማቋረጥዎ በፊት ሐኪምዎን ያማክሩ።

ሕንድ መሄድ ለማይችል ሰው

ቤት ውስጥ ሊደረግ የሚችለው ቀላል ነው፣ ውጤቱም የሚናቅ አይደለም። አጥንቱ ገጥሞ ቁስሉ ከዳነና ሐኪሙ ከፈቀደ፣ ንጹሕ የሰሊጥ ዘይት፣ የሑመራም ይሁን የሌላ፣ ለብ አድርገው በጤነኛው እጅ ከፈተኑ በኋላ ክንዱን ከጣት ወደ ላይ ለ10 ወይም 15 ደቂቃ በዝግታ ያሹ። ከዚያም በጤነኛው እጅ የተጎዳውን እጅ ጣቶች፣ አንጓና ክርን እያንዳንዱን እስከ መጨረሻው ድረስ 10 ጊዜ ያህል ያጥፉና ይዘርጉ፤ ይህን በቀን ከ3 እስከ 4 ጊዜ ይድገሙ። ዘይቱ ለዚህ እንቅስቃሴ መንገድ ጠራጊ ነው፤ አንዱን መርጦ ሌላውን መተው ካለብዎ ዘይቱን ትተው እንቅስቃሴውን ይያዙ።

አንጓው የወደቀበት ሰው አንጓውን ከ20 እስከ 30 ዲግሪ ወደ ላይ የሚደግፍ ማቀፊያ ከፊዚዮቴራፒስት ይውሰድ። ማቀፊያው ጣቶቹ እንዲጨብጡ ስለሚያደርግ ታማሚው በዚያው ቀን ብርጭቆ መያዝ ይችላል። የደነዘዘውን ቆዳ በየማታው በዓይን ማየት፣ ምጣድና ምድጃ አጠገብ ጓንት ማድረግ፣ ቡና ሲፈላ ጀበናውን በጤነኛው እጅ ማንሳት ልማድ መሆን አለበት።

በየወሩ የሚደረግ ክትትልና የውሳኔ ቀን

ከጉዳቱ ቦታ እስከ መጀመሪያው ጡንቻ ያለውን ርቀት ሐኪሙ ይለካልዎ። ከላይኛው ክንድ መሀል ለተጎዳ ራዲያል ነርቭ በክርን አጠገብ ያለው ጡንቻ ከ3 እስከ 4 ወር ባለው ጊዜ መንቀሳቀስ ይጀምራል ተብሎ ይጠበቃል፤ በክርን ላይ ለተቆረጠ አልናር ነርቭ ግን እስከ እጅ ጡንቻዎች ያለው መንገድ ከአንድ ዓመት ሊበልጥ ይችላል። በየወሩ በተመሳሳይ ቀን ሦስት ነገር ይመዝገብ፦ የጡንቻው ኃይል ከ0 (ምንም እንቅስቃሴ የሌለው) እስከ 5 (ሙሉ ኃይል) ባለው መለኪያ፣ የደነዘዘው ቦታ ስፋት፣ እንዲሁም ነርቩ በጣት መታ ሲደረግ የሚነዝርበት ቦታ። የመጨረሻው የቲኔል ምልክት ይባላል፤ የሚነዝረው ቦታ ከወር ወር ወደ ጣት እየወረደ ከሄደ ነርቩ እያደገ ነው፣ እዚያው ከቆመ መንገዱ ተዘግቷል።

ያልተከፈተ ጉዳት በ3 ወር ውስጥ በዓይንም በኢኤምጂም ምንም መሻሻል ካላሳየ፣ የነርቭ ቀዶ ሐኪም ዘንድ መቅረብ ግዴታ ነው፤ ነርቭ ለመጠገን የተሻለው ጊዜ እስከ 6 ወር ያለው ነውና። «አንድ ዙር የዘይት ሕክምና ጨርስና እናያለን» የሚል ምክር በዚህ ወቅት ከመጣ፣ ከማንም ይምጣ ከማን፣ አይቀበሉት። ሕክምናው ከቀዶው በኋላም ይደርሳል።

ጊዜው ላለፈበት ሰውም መንገድ አለ። ጤነኛ ነርቭ ካለው ጡንቻ ጅማት ተወስዶ የወደቀውን አንጓ ወይም ጣት እንዲያነሳ የሚደረግ ቀዶ ሕክምና ጉዳቱ ዓመታት ካለፉት በኋላም ይሠራል። ሕንድ ለዚህም ትታወቃለች፦ ፖል ብራንድ የተባለው ሐኪም በቬሎር ከተማ በ1940ዎቹ መጨረሻ እ.ኤ.አ. በሥጋ ደዌ የተጣመሙ እጆችን በዚህ ዘዴ ማቅናት ጀምሮ ነበር። ቀዶው እንዲሳካ ግን መገጣጠሚያዎቹ ያልደረቁ መሆን አለባቸው፤ የደረቀ አንጓን አዲስ ጅማት ሊያነሳው አይችልም። በየዕለቱ የሚደረገው የዘይት ማሸትና የመገጣጠሚያ እንቅስቃሴ ነርቩ ቢመለስም ባይመለስም መቋረጥ የሌለበት በዚህ ምክንያት ነው።